ቬርሞንት ላይ የተሸነፍንበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ቢያመኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ጎበዝ ሐኪም አለልሽ» ብላ እዚሁ ሮም ፕራቲ ሰፈር ላከችኝ። አድራሻውን ሳየው ምንም ትዝ አላለኝም። በሩ ጋ ስደርስ ግን አወቅኩት። ያንን ከባድ የእንጨት በር በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ስገባ የደረጃው ሰም፣ የአሮጌው አሳንሰር ቅባት፣ ከአንዱ ቤት የሚመጣ የተቀቀለ አበባ ጎመን ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለኝ። ወይ ጉድ! ጥርሴን ረሳሁት። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ሲኞራ ሩት የኖሩበት ቤት ዛሬ ጥርስ ይነቀልበታል። ወረፋ የጠበቅኩበት ክፍል ሳሎናቸው ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ያቺን ጥቅምት ከነሰዎቿ ሳስታውስ ቆየሁ።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት እየዞረች ስለምታጸዳ ከትምህርት ቤት የምታወጣኝ እትዬ የሺ ነበረች። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። እናቴ ሮም ስትገባ መጀመሪያ ያስጠጋቻት እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ አክስትም፣ አያትም፣ ተቆጪም ሆና ቀረች። ዕድሜዋ ከስልሳ ቢያልፍም «እርስዎ» ማለት ክልክል ነው። «ገና ሳልሞት አታስረጂኝ!» ትላለች። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ትልቅ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ስትቆጣኝ ሾፌሩ ሳይቀር ዞር ብሎ ያያል። ሥራዋ ሲኞራ ሩትን መጦር ነበር። እዚያው እያደረች ታበስላለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትጨቃጨቃቸዋለች። እኔ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እናቴ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። የእትዬ የሺ ጣሊያንኛ ለገበያና ለፋርማሲያ እንጂ ለወግ ስለማይበቃ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ሲኞራ ሩት አሜሪካዊት ናቸው። በወጣትነታቸው ጣሊያናዊ አግብተው ሮም ገቡ፤ ባላቸው ሞቱ፤ ልጅ የላቸውም። የመጡበት ግዛት ቬርሞንት ይባላል፤ ስለ ቬርሞንት ሳይናገሩ ምሳ አይወርድላቸውም። አንድ ቀን የትምህርት ቤቴን ካርታ ዘርግቼ ፈለግኳት። ትንሽዬ ናት። ስሟ ውስጧ አልበቃ ብሎ ባሕሩ ላይ ተጽፎ በቀጭን መስመር ተያይዞላታል። ሌሎቹ ስማቸውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ተንደላቀው ተኝተዋል፣ የእሷ ውጭ ያድራል። አንጀቴን በላችው። ይህን የሚያክል ቦታ ውስጥ ከሲኞራ ሩት ዘመዶች ሌላ ሰው ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

ሲኞራ እንደሚሉት በየዓመቱ በረዶው ሳይቀልጥ የከተማቸው ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይገዛ፣ አይገዛ ብለው ሲከራከሩ ይውላሉ። እጅ ያወጣሉ፤ ይቆጠራል፤ ያልፋል ወይም ይወድቃል። ከዚያ አብረው ምሳ ይበላሉ።

«እድር ነው በሉኛ!» አለች እትዬ የሺ ፎሶሊያ እየቀነጠሰች። «ያልመጣ ስንት ይቀጣል? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩላት። «ምንም» አሉ ሲኞራ።

«ምንም? በደንብ ጠይቂልኝ እንጂ፣ አንቺ ደግሞ!»

«ምንም አይቀጣም» አሉ ሲኞራ እንደገና። «ብቻ በማግስቱ ሱቅ ሲገባ፣ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ‹ትናንት አሞህ ነበር ወይ?› እያሉ ይጠይቁታል።»

እትዬ የሺ ፎሶሊያውን አስቀመጠች። «እሱማ ከቅጣት ይብሳል» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቬርሞንት ሁለተኛ አገሯ ሆነች። ትልቁ ምርጫ ሲመጣ ሽማግሌው በምርኩዝ፣ ላም አላቢው ከነቦት ጫማው በረዶ እየረገጠ እንደሚመጣ ስትሰማ ደግሞ ያየችው ያህል ለሰው ታወራ ጀመር። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ነው፤ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካሉት የእኛ ሰው ቡና ቤቶች አንዱ ውስጥ ትቀመጥና «እነሱ ዘንድ እኮ!» ብላ ትጀምራለች። ሴቶቹ «ጀመረች ደግሞ ቬርሞንቷ» ብለው ይስቁባታል። ግድ የላትም።

ምርጫ የሚባል ነገር ልቧን ይነካው ነበር። እዚህ ሮም ምርጫ ሲኖር የእኔ ትምህርት ቤት ይዘጋና ሰው የሚመርጥበት ይሆናል። እሷ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንጂ ዜግነት ስለሌላት አትመርጥም። ግን እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን እጄን ይዛ በሩ ፊት ለፊት ቆማ ገቢና ወጪውን ታያለች። ባልና ሚስት ሲመጡ፣ አሮጊት በልጇ ተደግፋ ስትገባ፣ «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። እኔ የምታውቃቸው ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

ሲኞራ ሩት ታላቅ ወንድም አላቸው፣ ዋልተር የሚባል። እዚያው ቬርሞንት ነው የሚኖረው። በፖለቲካ ተስማምተው አያውቁም። እሳቸው አንዱን ወገን፣ እሱ ሌላውን። ሲኞራ የምርጫ ወረቀታቸው በፖስታ እስከ ሮም ይመጣላቸዋል፤ ሞልተው ይልካሉ። በምርጫው ቀን ስልክ ይደዋወሉና «ያንተን ድምፅ ሰረዝኩት!» «እኔም ያንቺን!» ተባብለው እስኪያነቁ ይስቃሉ። እኔ ዋልተርን በዓይነ ሕሊናዬ የማየው ትልቅ ላጲስ ይዞ ነው።

በዚያ ክረምት ዋልተር ሞተ። ሲኞራ በስልክ ሰሙ፣ ስልኩን ዘጉ፣ ሻይ ጠየቁ። በቃ። እትዬ የሺ የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው። የሆነችውን መሆን! «ሰው ወንድሙ ሞቶ ሻይ ይጠጣል? ሰው ሳይደርስላቸው? ደረት ሳይደቃ?» እያለች ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን አለቀሰችለት፤ አይታው የማታውቀውን ሰውዬ። ሲኞራ ግን ቀስ በቀስ መናገር አቆሙ። ስለ አዳራሹም፣ ስለ በረዶውም የለም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ምሳቸውን ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ይገፉታል። እትዬ የሺ ፈራች። «እንዲህ ሆነው ነው የሚሄዱት» ስትላት እናቴን ሰማኋት፤ እኔ ወደ ቬርሞንት የሚሄዱ መስሎኝ ደስ አለኝ።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ የምርጫው ፖስታ መጣ። ሲኞራ ሳይከፍቱት የፍራፍሬ ሳህኑ ሥር ከተቱት። እትዬ የሺ አቧራ በጠረገች ቁጥር አንስታ ታየዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ቀኑ ሄደ። ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ ከምርጫው ቀን በፊት ካልደረሰ አይቆጠርም፤ ይህን ሲኞራ ራሳቸው ድሮ ነግረውናል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አላስችል አላት። «ሲኞራ፣ ይህን ነገር መቼ ነው የሚሞሉት?» ብላ ፊታቸው ቆመች።

«አልሞላም» አሉ።

«ለምን?»

ሲኞራ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እንድተረጉምላቸው ተናገሩ። «ዕድሜያችንን ሙሉ እኔ አንድ፣ እሱ አንድ ነበርን። አሁን እሱ የለም። እኔ ብቻዬን ብመርጥ እሱ ሞቶ እያለ አታለልኩት ማለት ነው። አላደርገውም።»

ተረጎምኩ። ለእኔ ልክ ነበሩ። ዳማ ስንጫወት እንኳ ጓደኛዬ ሽንት ቤት ስትሄድ ጠጠሯን ማንቀሳቀስ ነውር ነው። እትዬ የሺ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ኩርፊያም አይደል፣ ስንፍናም አይደል» አለችኝ በአማርኛ። «ያልተለቀሰ ሐዘን ነው። ሰው ለቅሶ ሳይቀመጥ እንዴት ነው የሚነሣው? እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ በጊዜው ሰው መጥራት ነበረብኝ።»

የሚቀጥለው ሐሙስ ጠራች። ያልጠራችው ሰው የለም፤ ከየሰፈሩ፣ ከየሥራ ቤቱ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ንፍሮ በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ የያዘች አለች፣ ውሃ የተሸከመች አለች። ጋሽ ገረመውም መጡ። ጋሽ ገረመው ሮም ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ባለ ቁጥር ለሽምግልና የሚጠሩ፣ ከረባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ የሺ ለሁሉም የነገረቻቸው «ሲኞራዬ ወንድም ሞቶባቸዋል፣ የሚያስተዛዝን የላቸውም» ብላ ነው። ከዚህ በላይ ማን ይጠይቃል?

ለሲኞራ ግን አልነገረቻቸውም። «ለቅሶ ተፈቅዶ ይደረሳል እንዴ?» አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ደረጃውን እየወጡ ሳለ እንደ ወጉ ጀመሩት። «ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል ድምፅ ያንን የድንጋይ ደረጃ ሞላው። ዋልተርን አንዳቸውም አያውቁትም፤ ግን አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ ሳትቀብረው የቀረ ሰው ያላት ሁሉ ያን ቀን አወጣችው። እናቴ አባቷን ስትጠራ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ሲኞራ ሩት በረንዳው ላይ ወንበራቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

የሕንፃው ዘበኛ ሲኞር ሴርጆ ታች ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። ሲኞራ የሞቱ መሰለው። ሌላስ ምን ሊመስለው ይችላል? ኮፍያውን አውልቆ፣ የሁለተኛ ፎቋን ሴትዮ አስከትሎ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ መጣና ደወለ። እትዬ የሺ እንግዳ እያስቀመጠች ነበር፤ በሩን የከፈቱት ሲኞራ ሩት ራሳቸው ናቸው። ሲኞር ሴርጆ «ሐዘናችን ጥልቅ…» ብሎ ጀምሮ ቀና ሲል ከሟቿ ጋር ዓይን ለዓይን ገጠመ። አማተበ። የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ገና ነኝ፣ ሴርጆ» አሉት ሲኞራ። «ግን ስለመጣህ አመሰግናለሁ። ግባ።»

ሳቃቸው መጣ። በሩን ይዘው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እትዬ የሺ ሮጣ ደገፈቻቸው፣ «እሰይ! እሰይ! ይውጣልዎት!» እያለች ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ይዛ፣ አንዷ ጀርባቸውን እያሻሸች፣ እሳቸው ጮክ ብለው አለቀሱ። ሲኞር ሴርጆም ጥግ ላይ ተቀምጦ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ ንፍሮ ተበላ። ሲኞራ ሁለት ጭልፋ ሙሉ በሉ፤ እትዬ የሺ ከሳህኑ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ስለ ዋልተርም አወሩ። ካርታ ሲጫወት እንደሚያጭበረብር፣ ሐይቁ በረዶ ሲሆን ቀዳዳ በስቶ ዓሣ ሲያጠምድ እንደሚውል፣ አንድ ዓመት በስልክ ተጣልተው ገና ሳይታረቁ የምርጫው ቀን ቢደርስ ለመሳደብ ሲል ደውሎ መታረቃቸውን። እኔ ዓረፍተ ነገሩን ስጨርስ ሴቶቹ «እፍፍ… ምን ያለ ሰው ነው!» ይላሉ። ሁሉም ዋልተርን ወደዱት።

ይኼኔ እትዬ የሺ ለጋሽ ገረመው ምልክት ሰጠች። ጋሽ ገረመው ጣሊያንኛ አሳምረው ይችላሉ፤ ግን «ሽምግልና በአማርኛ ካልሆነ አያምርብኝም» ብለው እኔን አጠገባቸው አቆሙኝ። ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እመቤቴ» አሉ፣ «የሞተውን እግዚአብሔር ይማረው። እኛ ደግሞ ቋሚዋን ልንለምን መጥተናል። ሐዘንዎን ይተዉልን፤ ያንን ወረቀት ይሙሉልን። ሽማግሌ አይመለስም።»

ሲኞራ በክብር አዳመጧቸውና ያንኑ መለሱላቸው፤ አንድ ለአንድ እንደነበሩ፣ አሁን ቢመርጡ ወንድማቸውን ማታለል እንደሚሆን።  ጋሽ ገረመው ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ወደ እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው «እውነታቸውን ነው እኮ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ!» አለች እትዬ የሺ። «ለዚህ ነው የጠራሁዎት?» ጠጋ ብላ ሲኞራ ፊት ተንበረከከች። ድምጿ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

«ሲኞራ፣ እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ መርጫለሁ። አዲስ አበባ። ሳይነጋ ወጥቼ ወረፋ ያዝኩ። ፀሐይ አናቴን በላኝ፣ እግሬ አበጠ፤ ማንም ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ማታ ላይ ደርሶኝ ወረቀቴን ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተቆጠረ? ተጣለ? የሚነግረኝ የለም። እዚህ ደግሞ ሰው ሲመርጥ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። እርስዎን የሚቆጥርልዎት ሰው በስምዎ ያውቅዎታል! ይህን ብርቱካን ሥር ይደብቁታል?»  «ደግሞ ዋልተር ሸሺ ነበሩ? እርስዎ ከሌሉ የእሳቸው ወገን ማንን አሸነፈ ሊባል ነው? ባዶ ሜዳ ላይ ማሸነፍ ይወዱ ነበር?»

ተረጎምኩ።  ሲኞራ «ፌቨን፣ ያንን የፍራፍሬ ሳህን አንሺልኝ» አሉኝ።

ብዕርና መነጽራቸው መጣ። ሲኞራ ወረቀቱን ገና ሲዘረጉ እትዬ የሺ ብድግ አለች። «ፊታችሁን አዙሩ! ሁላችሁም! ሚስጥር ነው!»

ሲኞራ «ግድ የለም፣ እንግሊዝኛ አይደል፣ ማን ያነበዋል?» አሉ። አልሰማቻቸውም። ያ ሁሉ ባለ ነጠላ ሴት፣ ጋሽ ገረመው፣ ሲኞር ሴርጆ ሳይቀር ወደ ግድግዳ ዞረው ቆሙ። እኔ ሰርቄ ላይ ስል ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል የእትዬ የሺ መዳፍ ዓይኔ ላይ ተለጠፈ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የብዕሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ከቅዳሴ በቀር የእኛ ሰው እንደዚያ ጸጥ ሲል አላጋጠመኝም። ሲኞራ ፖስታውን አሽገው «ፋቶ»፣ አለቀ፣ እስኪሉ ማንም አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና እትዬ የሺ በእግራችን ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሄደን በቫቲካን ፖስታ ቤት ላክነው። እዚያ የወሰነችው ራሷ ናት፤ «የጳጳሱ ጎረቤት ሆኖ ማን ይደፍረዋል» ብላ። ሣጥኑ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ሳመችው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጸሎቷን ስሰማ ሲኞራ እንዲያሸንፉ አትለምንም። «ብቻ አድርስልኝ» ነው የምትለው። እኔ ግን ማሸነፋችንን አልተጠራጠርኩም። ያ ሁሉ ሰው ግድግዳ ላይ ቆሞ፣ ፖስታው ተስሞ፣ እንዴት ይሸነፋል?

ምርጫው በተደረገ ማግስት ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የሲኞራ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ሲኞራ በእንግሊዝኛ አወሩ፣ አዳመጡ፣ ደግሞ አወሩ። ስልኩን ሲያስቀምጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ አፋቸው ይስቃል።

«አሸነፈኝ» አሉ። «ውሻ! ሞቶም አሸነፈኝ። የእኔ ሰውዬ አገረ ገዥነቱን አላገኘም።»

ለእትዬ የሺ ነገርኳት። እንዳትደነግጥ ብዬ ቀስ አድርጌ ነው የነገርኳት፤ እኔ ራሴ ለመጮህ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

«ቆይ» አለች። «የሲኞራ ወረቀትስ? ደርሷል?»

«ደርሷል» አሉ ሲኞራ። «በእጄ ከፍቼ ቆጠርኩት ብላኛለች።»

«የተሸነፈው ሰውዬስ?»

«ላሸነፈው ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው።»

«ከዚያስ? የት ወሰዱት?»

ሲኞራ ጥያቄው አልገባቸውም። እኔም አልገባኝም። ደግማ አስጠየቀችኝ።

«ማንም አልወሰደውም» አሉ። «መኪናውን ነድቶ ቤቱ ገባ።»

እትዬ የሺ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔ በመሸነፋችን መስሎኝ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው እናሸንፋለን» አልኳት።  ተነሥታ ሄደችና እናቴ የምትሠራበት ቤት ስልክ ደወለች፤ ሥራ ላይ እንዳትደውል እናቴ ስንት ጊዜ ለምናታለች።

«ተሸነፍን እኮ!» ብላ ጮኸች። «ስሚ አንቺ፣ ተሸነፍን! በደንብ አድርገን ተሸነፍን!»

የእናቴ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጥኖ ይሰማኛል። «እና ምኑ ነው ያስደሰተሽ?»

«ቆጠሩት» አለች እትዬ የሺ። «ቆጠሩት እኮ፣ እህቴ።»

 ሁለቱም ስልኩን አልዘጉትም።